ለኔትቢንስ የተላኩ ሽማግሌዎች

ምናለ የሻው አንዴ የያዘውን ነገር የሚለቅ ሰው አይደለም። ቢቸና ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ልጅ ሳለ አንደኛ ክፍል የተቀመጠው በግራ በኩል መስኮቱ ሥር ነበርና፣ ስምንተኛ ክፍል እስኪደርስ ድረስ በየዓመቱ መስከረም «ግራው መስኮት ሥር» እያለ አስተማሪ ሲያስመርር ኖረ። ጸጉሩን የሚቆርጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሰውየው ዓይኑ እየደከመ ሄዶ የምናለን ጆሮ ከአንዴም ሁለቴ በመቀስ ቢነካካውም፣ ምናለ ግን ሌላ ጸጉር ቤት አልረገጠም። ቅኔ ቤትም ገብቶ ነበር። መምህሩ የኔታ ወልደ ኪዳን አንድ ቀን የዘረፈውን ቅኔ ቢያርሙት «እንደነበረው ይሻላል» ብሎ እስከ ማታ ሲሟገታቸው ዋለ። በማግሥቱ የኔታ ጠርተው «ልጄ፣ አንተ ለዘመናዊው ትምህርት ነው የተፈጠርከው» ብለው በፍቅር አሰናበቱት። እሱ ይህን መባረር እስከ ዛሬ እንደ ምርቃት ነው የሚያወራው።

ምርቃቱ ይሁን መባረሩ፣ ነገሩ ሠመረ። ምናለ ደብረ ማርቆስ ገብቶ ኮምፒውተር ተማረ። ሲመረቅ ጓደኞቹ ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ሲጎርፉ እሱ ወደ ቢቸና ተመለሰና ከመናኸሪያው ፊት ለፊት አንዲት ክፍል ተከራይቶ «ዓባይ ሸለቆ ሶፍትዌር» የሚል ታፔላ ሰቀለ። ጊዜው ሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት ነው። የከተማው ሰው ሶፍትዌር ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙም አልተጨነቀም። ገሚሱ ሲም ካርድ ይጠይቃል፤ ገሚሱ ሬዲዮ ያሠራል፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ታፔላውን አንብበው ሲጨርሱ «ለስላሳ አለ?» ብለው ገብተዋል።

ድርጅቱ ሦስት ሰው ነበረው። አንደኛው ራሱ ምናለ ነው። ሁለተኛዋ ትርሲት ውበቴ ናት፤ አብራው የተማረች የሞጣ ልጅ። ሳምንቱን ሙሉ ሞጣ አባቷ ቤት ሆና ትጽፍና ሰኞ ሰኞ በሚኒባስ ቢቸና ትመጣለች። ሦስተኛው ሀብተ ሥላሴ ነው። ሀብተ ሥላሴ የተጻፈውን ፕሮግራም እየነካካ ስህተት የሚፈልግ፣ ጠብ የማይወድ፣ ከማንም ጋር የሚስማማ ሰው ነው። ከሁለት ከሚጣሉ ሰዎች ጋር እኩል የሚስማማ ሰው ደግሞ ምን ያህል እንደሚያናድድ የደረሰበት ያውቀዋል።

ሥራም አግኝተው ነበር። አንድ የገበሬዎች ዩኒየን የማዳበሪያና የዘር መጋዘኑን የሚቆጣጠርበት ፕሮግራም እንዲሠሩለት ተስማማ፤ ማስረከቢያው ሰኔ ነው። ይህ ሥራ ከተሳካ ታፔላው ይቆያል፤ ካልተሳካ ይወርዳል። የሥራው ልብ ያለው ደግሞ ትርሲት እጅ ነው። በእኛ ዘመን አቆጣጠር የሚሄደውን፣ ጳጉሜን ሳይዘልል የሚቆጥረውን ክፍል የጻፈችው እሷ ናት። ምናለ ሊያነበው ሞክሮ ራሱን አሞት ተኝቷል።

እንግዲህ ጉዱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው እንዲያው ባዶ ገጽ ላይ አይጽፍም። የሚጽፍበት፣ ስህተቱን በቀይ የሚያሰምርለት፣ ሲጨርስም የጻፈውን የሚያስኬድለት ትልቅ መሥሪያ አለው፤ አናጺ ዕቃውን ሁሉ የደረደረበት ቤት እንዳለው ማለት ነው። ምናለ የሚሠራው ኔትቢንስ በሚባለው ነው። ትርሲት የምትሠራው ኢክሊፕስ በሚባለው ነው። ሁለቱም በነጻ የሚገኙ፣ ሁለቱም ያንኑ ጃቫ የሚጽፉ ናቸው። ነገር ግን ምናለ በኔትቢንስ ያደራጀውን ማህደር ትርሲት በኢክሊፕስ ለመክፈት እንደገና ማደራጀት አለባት። መስመሩንም እሱ እንደ ልማዱ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ እሷ እንደ ልማዷ ወደ ውጭ ታወጣዋለች።

ኢንተርኔቱ አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን የሚጠፋ ስለሆነ ሥራው በፍላሽ ነበር የሚመላለሰው። ትርሲት ፍላሹን በወረቀት ጠቅልላ ለሚኒባሱ ረዳት ትሰጣለች፤ ረዳቱ በደብረ ወርቅ አድርጎ ቢቸና ያደርሳል። ምናለ ይከፍትና እያጉረመረመ ወደ ኔትቢንስ ይመልሰዋል። ትንሽ ጽፎ ይልካል። ሞጣ ላይ ትርሲት እየተራገመች ወደ ኢክሊፕስ ትመልሰዋለች። በዚህ ዓይነት ሁለት ጎበዞች ከሳምንቱ ግማሹን አንዱ የሌላውን ቤት ሲያፈርስ ያሳልፉ ጀመር።

አንድ ሰኞ ተሰብስበው ሊወስኑ ተቀመጡ። ምናለ የሁለቱን መሥሪያዎች ማወዳደሪያ ሠርቶ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ጠበቃቸው። ኔትቢንስ ዘጠና ሰባት፣ ኢክሊፕስ አርባ አንድ።

«ማነው ያረመው?» አለች ትርሲት።

«እኔ ነኛ።»

«በኢክሊፕስ ስንት ቀን ሠራህ?»

«መሥራት አያስፈልግም፤ ሲከፈት አይቼዋለሁ።»

ትርሲት ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ ነቅላ አጣጥፋ ለሀብተ ሥላሴ ሰጠችው። «አንተ ምን ትላለህ?»

ሀብተ ሥላሴ ወረቀቱን በአንድ እጁ ይዞ «ሁለቱም ደህና ናቸው» አለ።

«አንተ በየቱ ነው የምትሠራ?»

«እኔማ ባገኘሁት እሠራለሁ።»

ምርጫው አንድ ለአንድ ሆኖ፣ አንድ ድምፅ ደግሞ ሜዳ ላይ ቀረ። ትርሲት ቦርሳዋን አነሳች። በሩ ጋ ደርሳ ዞረች። «ስማ ምናለ፤ ባሕር ዳር ሥራ አግኝቻለሁ። ለአንተ ያልነገርኩህ እዚህ መሥራት ስለምወድ ነው። እንግዲህ ኢክሊፕስ ከሆነ እሰየው፤ ካልሆነ ግን ደግሜ የማልመጣ ነኝ» አለችና ወጣች። ስትናደድ አንገቷን ቀና አድርጋ ነው የምትሄደው። ምናለ ሚኒባሱ ውስጥ እስክትገባ በመስኮት አያት።

ማንም ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ እጁን ሰጥቶ ኢክሊፕስን ይጭናል። ምናለ ግን ምናለ ነው። ትርሲት ከሄደች ድርጅቱ እንደሚያልቅለት ያውቃል። ኔትቢንስን መልቀቅ ደግሞ ከቶ አይሆንለትም። ሲጨንቀው ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ። ሽማግሌ ሊልክባት ወሰነ።

መጀመሪያ የሄደው ወደ ጋሽ ፋንታ ነው። ጋሽ ፋንታ በወረዳው ያላስታረቁት ጠብ የለም፤ የድንበር፣ የበሬ፣ የባልና ሚስት። ሁለተኛ የኔታ ወልደ ኪዳንን ለመነ፤ የኔታ ስለ ድሮው ይቅር ብለውታል። ሦስተኛ የእናቱን ወንድም አቶ ኃይለ ሚካኤልን ጨመረ። አቶ ኃይለ ሚካኤል ነገር በማሳመር ሳይሆን ዘር በመቁጠር ነው የሚታወቁት፤ ለቅሶ ቤትም ሠርግ ቤትም ገብተው የማንም ሰው አያት የማን ልጅ እንደነበረ ሳይናገሩ አይወጡም።

ሦስቱን ቢሮው ውስጥ አስቀምጦ ነገሩን ሊያስረዳቸው ሞከረ።

«ጋሽ ፋንታ፣ እኔ የምሠራበት አለ፤ እሷ የምትሠራበት አለ። ሁለቱ አልገጠሙም። እሷ የእሷን ትታ ወደ እኔ እንድትመጣ እንድትለምኑልኝ ነው።»

«ያንተ የራስህ ነው?» አሉ ጋሽ ፋንታ።

«አይደለም።»

«የሷስ?»

«የሷም አይደለም። በነጻ ነው የሚገኙት።»

«በነጻ የሚገኝ ነገር ነው ያጣላችሁ?» ጋሽ ፋንታ ጢማቸውን ያዙ። እንዲህ ዓይነት ክስ ገጥሟቸው አያውቅም።

የኔታ አንገታቸውን አስግገው ላፕቶፑን አዩ። «እንግዲህ እንደ ቅኔ ቤት ነው በለኛ። አንዱ በዋድላ መንገድ ይዘርፋል፣ አንዱ በጎንጅ።»

«እንደዚያ ነው የኔታ!» አለ ምናለ በደስታ።

«ታዲያ ያ እኮ ሺህ ዓመትም አይታረቅ» አሉ የኔታ።

አቶ ኃይለ ሚካኤል እስካሁን ዝም ብለው ነበር። «ልጅቱ የማን ልጅ ናት?» አሉ።

«የአቶ ውበቴ፣ የሞጣ።»

«እንዲህ በለና! ገብቶኛል» አሉ አቶ ኃይለ ሚካኤል፤ ሌሎቹም የገባቸው ይመስል ሦስቱም ተያይተው ተነሡ። ምናለም ደስ ብሎት ለመንገድ የሚሆናቸውን ስንቅ አሰናዳ። ቅዳሜ ንጋት ላይ ሦስቱም ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ የኔታ ጃንጥላቸውን ይዘው ሚኒባስ ላይ ሲወጡ ቆሞ ሸኛቸው። ምን እየሸኘ እንደሆነ ለአፍታ እንኳ አላሰበም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። ሦስቱም ፊታቸው በርቷል።

«እሺ አለች?» አለ ምናለ ገና ሳይወርዱ።

«እሷንማ ምን ብለን እናናግራታለን! ካባቷ ጋር ነው የጨረስነው» አሉ ጋሽ ፋንታ።

«አባቷ ኔትቢንስን በምን ያውቁታል?»

ጋሽ ፋንታ ክንዱን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱት። ነገሩ እንዲህ ነበር። ሦስት ሽማግሌ በጠዋት፣ በነጭ ጋቢ፣ ያላገባች ልጅ ካለችበት ግቢ ደጃፍ ቆሙ። አቶ ውበቴ ወጡ። ግቡ ተቀመጡ ሲሏቸው፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ያን ጊዜ የልጅቱ እናት ወይዘሮ ይርጋነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ወደ ጓዳ ሮጡ።

«ልጁ የማን ነው አለን፤ ነገርነው» አሉ ጋሽ ፋንታ። «ምን ይሠራል አለን፤ ነገርነው። ይጠጣል ወይ አለን፤ አይጠጣም አልን። እዚህ ላይ እኔ ትንሽ ነቃሁ።»

«ከነቁ ታዲያ ለምን አላረሟቸውም!»

«እንዴት ብዬ? ሴትዮዋ እንባዋ መጥቶ፣ ጠላ ተቀድቶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ‹የለም፣ እኛ የመጣን ስለ ልጅዎ ሳይሆን ስለዚያ... ስለዚያ ነገር ነው› ልበል? የሰው ቤት ደስታ ላፈርስ?»

«እኔ የላክኋችሁ ለኔትቢንስ ነው እኮ!»

የኔታ ጃንጥላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «አንተ ልጅ፣ ቢቸና የተቀመጠ ወንድ ሞጣ ወዳለች ልጃገረድ ቤት ሽማግሌ ሲልክ ሌላ ምን ብሎ ይልካል? እኛስ አንተ አፍረህ ነገሩን ያድበሰበስከው ነው የመሰለን።»

«ደሞስ ምን ጎደላት!» አሉ አጎቱ።

የአቶ ውበቴ መልስ «ልጄን ልጠይቅ፤ ዘመድም ይቆጠር፤ የሚመጣው ቅዳሜ ተመለሱ» የሚል ነበር። ምናለ ይህን ሲሰማ ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

ትርሲት ጋ ደወለ፤ አታነሳም። ሰኞ አልመጣችም። ማክሰኞ ሚኒባሱ ሲገባ ሮጦ ሄደ፤ ፍላሽ የለም። ረዳቱ ግን ከላይ ሻንጣ እያወረደ «እንኳን ደስ ያለህ ጋሼ!» ብሎ ጮኸ፤ ተሳፋሪዎቹም ዞረው አዩት። አንዲት እናት በመስኮት እጃቸውን አውጥተው መረቁት።

የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ለአቶ ውበቴ ደውሎ ስህተት ነው ማለት። ስልኩን ይዞ ተቀመጠ። «ጌታዬ፣ ልጅዎን ፈልጌ አይደለም።» ይሄማ ስድብ ነው። «ልጅዎ ጥሩ ልጅ ናት፤ እኔ ግን የላክሁት ለሌላ ነገር ነው።» ይሄ ደግሞ ይብሳል። «ልጅዎን አላገባም።» ይህችን ለብቻው ሆኖ፣ ቁጥሩን ሳይደውል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሊላት ቢሞክር እንኳ ከአፉ አልወጣ አለች። ለምን እንደማትወጣ ግራ ገባው። የሚዋሽ ሰው ነው እንደዚህ የሚተናነቀው፤ እሱ ደግሞ ምን ዋሸ?

ዞር ብሎ ቢሮውን አየው። አቧራ ለብሷል። ቢሮው የሚጠረገው ሰኞ ነው፤ ያውም በራሱ በምናለ እጅ፣ ሚኒባሱ ከመግባቱ በፊት። ሰኞ ሰኞ ለምን እንደሚጠርግ ራሱን ጠይቆ አያውቅም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ትርሲት ላፕቶፗን መታ መታ አድርጋ «ተነሽ እንጂ አንቺ» የምትለው ትዝ አለው። እዚያው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ብቻውን ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁን ሲያውቀው ደነገጠ። ሰውየው ወዷታል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እሱም አያውቅም፤ ብቻ ሽማግሌ ልኮ ካበቃ በኋላ ነው የደረሰበት።

ሐሙስ ሀብተ ሥላሴ ቢሮ ሲገባ ምናለ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ አጎንብሶ፣ ጣቱን እየቆጠረ ሲጽፍ አገኘው። ጣቱ የለመደውን ፍለጋ እየሄደ የማይፈልገውን ይከፍትበታል። ሀብተ ሥላሴ ስክሪኑን አየ። ኢክሊፕስ ነው። ቀስ ብሎ የእጁን ጀርባ የምናለ ግንባር ላይ አስቀመጠ።

«አላመመኝም» አለ ምናለ።

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

«ሁለቱም ደህና ናቸው» አለ ምናለ።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ እንደገና ሄዱ። አሁን ምናለ የሸኛቸው ምን እየሸኘ እንደሆነ እያወቀ ነው። እሑድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለስ ጀምሮ መናኸሪያው በር ላይ ቆመ። ሚኒባሱ ሲገባ ከውስጥ የአጎቱ ሳቅ ይሰማል። አጎቱ በፌስታል የተጠቀለለ የበግ ወርች ይዘው ወረዱ።

«ምናለ! ዘመድ አገኘን!» ብለው አቀፉት።

ምናለም አጎቱን ጭምቅ አድርጎ አቀፋቸው። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። «እሺ አሉ ማለት ነው?»

«እሺ ምን ያደርጋል? ዘመድ አገኘን እኮ ነው የምልህ! እዚያ እንደተቀመጥን ውበቴ ከልጅቱ ጀምሮ አባቶቹን መቁጠር ጀመረ። እኔ ዝም ልል ነው? እኔም ካንተ ጀመርኩ። ሲቆጥር ስቆጥር፣ ሲቆጥር ስቆጥር፣ ስድስተኛው ቤት ላይ ባላምባራስ ድልነሳሁ አልኩ። ‹ምን አልክ?› አለኝ። ‹ባላምባራስ ድልነሳሁ፣ የደብረ ወርቁ› አልኩት። ብድግ ብሎ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ! የልጅቱም ስድስተኛ ቤት እሳቸው ናቸው! ተላቀስን፤ በግ ታረደ።»

ጋሽ ፋንታና የኔታ ግን አይስቁም ነበር። «አንድ ቤት ነው የጎደለ» አሉ በቀስታ። «ሰባት ቢሞላ ኖሮ...»

«ደሞም ይህ ሰው ባይቆጥር ማንም የሚያውቅ አልነበረም» አሉ የኔታ አጎቱን በጃንጥላቸው እየጠቆሙ። አቶ ኃይለ ሚካኤል የበጉን ወርች ከግራ ወደ ቀኝ እጃቸው አዛወሩ። ያደረጉት ነገር ገና ያን ጊዜ ነው የገባቸው።

ጋሽ ፋንታ የአቶ ውበቴን መልእክት አደረሱ። ልጄን ለወንድሟ አልድርም፤ ግን ወንድም ካላት ደግሞ ወንድሟን ትታ ባሕር ዳር የምትሄድበት ምክንያት የለም፤ እሱ ባለው መሥሪያ ትሥራ፤ እኔ መክሬአታለሁ፤ ብለዋል። ስለ መሥሪያው ልጅቱ ራሷ ናት የነገረቻቸው። «እንግዲህ የላክኸን ለዚህ አልነበር?» አሉ ጋሽ ፋንታ።

እውነት ነው፤ ለዚህ ነበር የላካቸው። የጠየቀው ሁሉ ተሰጠው። ትርሲት አትሄድም፤ ኔትቢንስም አሸነፈ፤ ታፔላውም አይወርድም። ምናለ ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲለው አልሰማም።

ሰኞ ጠዋት ቢሮውን ጠረገ። ትርሲት ገባች። ሌላ ጊዜ እጅ ትሰጠው ነበር፤ ዛሬ ጉንጩን ግራና ቀኝ ሳመችው፣ ዘመድ ዘመዱን እንደሚስመው።

«ወንድሜ፣ እንዴት ሰነበትክ?» አለች፤ ልትስቅ ብላ ሳቋ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። «በል፣ አባቴ ፈርዷል። ኔትቢንስ ጭኜ መጥቻለሁ። ትላንት ሙሉ ቀን ነው የፈጀብኝ።»

ምናለ ላፕቶፑን ሊዘጋ እጁን ሰደደ። አልደረሰም፤ ትርሲት ዘመድ ሆናለችና አጠገቡ መጥታ ቆማለች። ስክሪኑን አየች። ኢክሊፕስ ላይ የእሷው ጳጉሜ ቆጣሪ ተከፍቷል፤ መስመሩ ሁሉ እሷ እንደምታወጣው ወደ ውጭ ወጥቷል።

«መቼ ነው የጫንከው?»

«ሐሙስ።»

ትርሲት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ ወደ መስኮቱ እያየች «አባቴ ዓርብ ማታ ‹ልጁን ትፈልጊዋለሽ ወይ› ብሎ ጠየቀኝ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ኢክሊፕስን ከተቀበለ እሺ በልልኝ አልኩት። አይቀበልም ብዬ ነበር።»

ከውጭ ረዳቱ «ሞጣ! ሞጣ!» እያለ ይጣራል። ምናለ የያዘውን የማይለቅ ሰው ነው፤ ይህችን ግን ገና ሳይይዛት ነው ያስለቀቁት። ብርጭቆ አንሥቶ ውሃ ቀዳና ሰጣት። እሷም ተቀብላ ያዘችው እንጂ አልጠጣችም።

ያን ጊዜ ሀብተ ሥላሴ እያፏጨ ገባ። አንዱን ላፕቶፕ አየ፣ ሌላውን አየ። «እኔ ምለው፣» አለ፣ «በመጨረሻ በየቱ ሆነ የምንሠራ?»